ወይን ቀምሶ ማውራት ጉራ ነው ላልከው ወንድሜ

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ «ይሄ ሰውዬ እናንተን ነው እኮ የሚሰድበው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ርእሱ «ወይን ይጠጣል እንጂ አይተነተንም» ይላል። ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ብዕሩ ግን አሪፍ ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ከልቤ ስቄያለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ደሞ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ተናድጃለሁ። ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ጓደኛሞች ተሰብስበው ወይን እየቀመሱ «ይሄ እንዲህ ይላል፣ ያኛው እንዲያ ይላል» መባባላቸው ከፈረንጅ የተቀዳ ጉራ ነው፤ ምላስ የየግል ስለሆነ ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ ባለሙያ የሚባሉትም ተፈትነው ወድቀዋል፤ የሀገራችን ወይን ደሞ ሁሉም ስኳር ስለሆነ የሚወዳደር ነገር የለውም፤ ከምግባችን ጋርም አይሄድም፤ ቀምሶ መትፋት ደሞ ጭራሽ ነውር ነው።

እኛ እንግዲህ ባህርዳር ላይ በወር አንድ ቅዳሜ ይሄንኑ ጉራ የምንነፋ ስድስት ሰዎች ነን። አንዱ ባንክ ይሰራል፣ አንዱ ኢንጂነር ነው፣ አንዷ የሃይስኩል አስተማሪ፣ አንዷ ነርስ፣ እኔ አለሁ፣ ስድስተኛው ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረተኛ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የጠጅ ሰው ነበሩ፣ የግቢው ባለቤት ስለሆኑ ነው መጀመሪያ የተቀላቀሉን፣ «በግቢዬ የሚሆነውን ልወቅ» ብለው። ሽምብጥ ሰፈር ነው ቤታቸው። ማንጎው ስር ጠረጴዛ እናወጣለን፣ ከሃይቁ በኩል ነፋሱ ሲመጣ ትንኙም አብሮ ይመጣል፣ ተራ የደረሳቸው ሦስት ሰዎች አንዳንድ ጠርሙስ በካልሲ ከተው ይዘው ይመጣሉ (ንጹህ ካልሲ ነው፣ ሰው ሁሉ ይሄን ነው ቀድሞ የሚጠይቀን)። ማን ምን እንዳመጣ እስከ መጨረሻው አይታወቅም።

አሁን ወደ ክሱ።

«ብላክቤሪ የሚባለውን ፍሬ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ወይን አሽትቶ ብላክቤሪ ብላክቤሪ ይላል» ብለሃል። እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ፣ ልክ ነህ፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከጠርሙሱ ጀርባ ያነበብኩትን ነበር እየደገምኩ የማወራው፣ አስተማሪያችን ናት ያስቆመችኝ፣ «ብላክቤሪ ምን ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ፣ መልስ አልነበረኝም፣ ላቤ መጣ። ግን ወንድሜ፣ ጥፋቱ የቃሉ ነው እንጂ የማውራቱ አይደለም እኮ። አን ኖብል የምትባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 የወይን ሽታዎችን በክብ ሰሌዳ ላይ ደርድራ ስታወጣ ተማሪዎቿ ቃሉን እንዲሸመድዱ አልነበረም የፈለገችው፣ እውነተኛውን ነገር ተራ ወይን ውስጥ ጨምራ እያስሸተተች ነበር የምታስተምራቸው። እኛም እንደዛው አደረግን። አስተማሪዋ ከቤተሰቦቿ ሀገር አጋም አስመጣች፣ ሌላ ጊዜ ዶቅማ፣ ጭምቅ አድርገን በብርጭቆ አስቀምጠን እያሸተትን ቀይ ወይን ቀመስን። ከዛ ቀን ጀምሮ ብላክቤሪ የሚባል ቃል ከግቢው ተባረረ። «አጋም አጋም ይላል» ስትለኝ ገጠር ላደግኩት ለኔ አፌ ውስጥ ምን እንደሚመጣ ላንተ አልነግርህም፣ ጣቴ ራሱ የጠቆረ ይመስለኛል። ዶቅማ ደሞ ምላስህን ይዞ የሚያኮማትርህ ነገር አለ አይደል፣ ያልበሰለ ሙዝ እንደነከስክ፣ ታኒን የሚሉት እሱን ስሜት የሚያመጣውን ነው፣ ከወይኑ ልጣጭና ከውስጡ ዘር የሚወጣ ነው። ስሙን ባታውቀው ምንም አይደል፣ «ይይዛል» ካልክ ሁላችንም ገብቶናል።

«ከፈረንጅ የተቀዳ» ላልከው ደሞ እስቲ አንድ ቡና ላይ ተቀመጥ። ገና አቦሉ ሳይዞር «ዛሬ አሯል»፣ «ቀጥኗል»፣ «ይሄ የዘጌ አይደለም፣ አታታልይኝ» የምትል ጎረቤት የሌለችበት ቤት አሳየኝና እኔም ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ጠጅስ? ጋሼ እናታቸው ጠጅ ጣይ ነበሩ፣ ልጅ ሆነው ቅምሻ የሳቸው ስራ ነበር፣ «ጌሾው በዝቷል»፣ «ገና ብርዝ ነው»፣ «ማሩ ጥቁር ማር ነው»። አንድ ቀን ባንከሩ አንድ የደቡብ አፍሪካ ቀይ ይዞ መጣ፣ ደህና ዋጋ ያወጣበት፣ በካልሲ እንዳለ። ሁላችንም እየዞርን ቀመስን። ቫኒላ ያለ አለ፣ ጭስ ያለ አለ፣ እኔ ኮኮናት ብዬ ጽፌያለሁ። ጋሼ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩ ቆዩና «ይሄ ጋኑ ታጥኗል» አሉ።

ካልሲው ሲወልቅ ጀርባው ላይ በኦክ እንጨት በርሜል ከረመ ይላል። የኦክ በርሜል ሲሰራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል፣ ያ የቫኒላውና የጭሱ ነገር የሚመጣው ከሱ ነው። ጋሼ በርሜል አላዩም፣ ኦክ አያውቁም፣ እናታቸው ጋኑን በወይራ ሲያጥኑ ግን አይተዋል፣ እኛ ሦስት ቦታ ተበታትነን የሄድንበትን እሳቸው በሦስት ቃል ጨረሱት። ይሄ ከየት የተቀዳ ነው ልትለኝ ነው?

«ምላስ የየግል ነው፣ አንተ የጣፈጠህ እኔን ካልጣፈጠኝ ምን ታወዳድራለህ» ያልከው ነው ያናደደኝ ቦታ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን ሲል እሰማለሁ፣ ብልህ አባባልም ይመስላል። የሆነውን ልንገርህ፣ የሚያዝያ ቅዳሜ ነው፣ ሙቀቱ ማንጎው ስር እንኳ አላስቀምጥ ብሏል። ኢንጂነሩና ባንከሩ ተራቸው ነበር፣ ሦስተኛው እኔ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ አይነት ወይን ይዘው መጥተዋል፣ የሀገር ውስጥ ሜርሎ (ሜርሎ ከሚባል የወይን ዘር የሚሰራ ቀይ ነው)፣ የፋብሪካውን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የሱ አይደለምና። እኛ ግን በካልሲ ስላለ አናውቅም። የመጀመሪያውን ቀዳን፣ ጻፍን። አጋም፣ ትንሽ ቃሪያ፣ ጠረኑ ትኩስ፣ ምራቅ ያመጣል። ሁለተኛውን ቀዳን። እኔ ማርማላታ ብዬ ጻፍኩ። ነርሷ «የተቀቀለ ፍራፍሬ፣ ሽሮፕ» ብላለች። አስተማሪዋ «የሆነ ነገር ሞቶበታል» አለች፣ በቃ እንደዚሁ። ባንከሩ ደሞ በተቃራኒው «ሁለተኛው ይበልጣል፣ ሞላ ያለ ነው፣ ይጣፍጣል» ብሎ ድርቅ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን፣ አንተ ብትኖር «አያችሁ፣ ምላስ የየግል» ብለህ ትነሳ ነበር።

ካልሲዎቹ ወለቁ። አንድ ስም፣ አንድ ምልክት፣ አንድ ዓመት። ዝም አልን። ከዛ ኢንጂነሩ ቡሾቹን አንስቶ ጎን ለጎን አደረጋቸው። የመጀመሪያው ቡሽ ጫፉ ብቻ ነው የቀላው። የሁለተኛው ከላይ እስከ ታች በጎኑ ወይን ወርዶበታል፣ ባንከሩም ትዝ አለው፣ ሲከፍተው ቡሹ ከአፉ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። ወይን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ቡሹን ይገፋዋል፣ በጎኑ ያፈሳል፣ አየር ደሞ በዛው ይገባል። ያ «ማርማላታ» ያልነው የበሰለ ወይን ነው፣ በእሳት ሳይሆን በሙቀት።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ባንከሩና እኔ የገዛበት ሱቅ ሄድን። ሰፈሩን አልናገርም። ወይኖቹ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ቆርቆሮው ስር፣ ተገትረው ቆመዋል። እጄን ዘርግቼ አንዱን ነካሁት፣ ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ ሕፃን ጡጦ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፣ ነገሩን ስናስረዳው «ወይን ሲቆይ አይደል እንዴ የሚጣፍጥ?» አለን። ምን ትለዋለህ። እኔ አሰብኩ፣ ይሄ ጠርሙስ ከዝዋይ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አባይ በረሃ ወርዶ ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ 700 ኪሎሜትር ገደማ በመኪና መጥቷል፣ በረሃውን ችሎ መጥቶ ቆርቆሮው ስር ሞተ። በማግስቱ ባንከሩ ሲያልፍ ሰውየው ወይኖቹን ወለል ላይ፣ ከባንኮኒው ስር፣ አስተኝቷቸዋል፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አረቄ ደርድሯል። አረቄ ምን ይሆናል ብሎ ነው፣ እውነቱን ነው።

እና ወንድሜ፣ ይሄን ማን አገኘው? አንድ ምላስ ብቻውን ቢቀምስ ኖሮ ወይ «ይሄ ሜርሎ አይረባም» ይል ነበር ወይ እንደ ባንከሩ «አሪፍ ነው» ይል ነበር፣ ሁለቱም ስለ ወይኑ አንድ ነገር አላወቁም ማለት ነው። መለያየታችን ነው ነገሩን ያወጣው። ባንከሩ ግን እስከዛሬ «የኔው ይሻላል» ነው የሚለው፣ ይበል፣ ምላሱ ማርማላታ ይወዳል፣ ያ የሱ ነው፣ ቡሹ ግን የሁላችንም ነው።

በነገራችን ላይ እዛው ጋ «ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም፣ በቤት ሙቀት ነው» ብለህ ጣል ያደረግከው ነገር፣ የማን ቤት? ፈረንጆቹ ያሉት ወፍራም የድንጋይ ቤታቸው ውስጥ 16፣ 18 ዲግሪ ላይ ሆነው ነው። የሚያዝያ ባህርዳር 30 ይገባል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገባው፣ መብራት ካለ።

ባለሙያዎቹ ተፈተኑ ያልከው። ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ ጥናት ነው፣ ሰዎቹ ግን እንዳልከው ዕውቅ ቀማሾች ሳይሆኑ 54 የወይን ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው፣ ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አድርገው ሰጧቸው፣ እነሱም በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። አንተ ከዚህ ተነስተህ «እንግዲህ ሁሉም ውሸት ነው» አልክ። እኔ ከዚሁ የማገኘው ዓይን ምላስን እንደሚመራ ነው፣ ስለዚ ነው ካልሲ ያመጣነው! እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ የፈረንሳይ ዳኞች ጠርሙሱን ሳያዩ ቀምሰው የካሊፎርኒያውን በቀዩም በነጩም አንደኛ አደረጉት፣ ስሙን እያዩ ቢሆን ያደርጉት ነበር?

ግን ከዓይን የባሰ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ጥናቱ ውስጥ ሳይሆን ጋሼ ግቢ ውስጥ ነው ያገኘነው። በዕድሜ ታላቅ የሆነ ሰው። መጀመሪያ አካባቢ እንደ ደንባችን ጋሼ ቀድመው ይናገሩ ነበር፣ እሳቸው «ይጎመዝዛል» ካሉ ስድስታችንም ብርጭቆ ውስጥ ጉምዛዜ ይገባል፣ እኔ ራሴ አሪፍ ብዬ የጻፍኩትን ሰርዤ አውቃለሁ፣ ሼም ነው ግን ሰርዣለሁ። አስተማሪዋ ይሄን አየችና ሕግ አወጣች፦ ለአምስት ደቂቃ ማንም አይናገርም፣ ሁሉም በየወረቀቱ ይጽፋል፣ ከዛ ከታናሽ ወደ ታላቅ ነው የሚነበበው። ነርሷ ቀድማ፣ ጋሼ መጨረሻ። ጋሼ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አላቸው፣ «በቤቴ ታናሽ ይቅደመኝ?» አሉ፣ አሁን ግን ራሳቸው ናቸው የሚያስከብሩት፣ አንድ ሰው ከወረቀቱ በፊት ፊቱን ከቋጠረ «ፊትህን ሰብስብ!» ይላሉ፣ ፊትም ንግግር ነዋ። ነጥብ ከ20 መስጠትም ሞክረን ነበር፣ ተውነው። ሁሉም 14 ይሰጣል። 14 ሰጥቶ ምን እንደቀመሰ የማያስታውስ ሰው ከምናይ «የታጠነ ጋን» ብሎ ነጥብ የረሳ ይሻለናል።

«የኛ ወይን ሁሉ ስኳር ነው» ላልከው ረጅም መልስ የለኝም፣ አካሺያ የሚባለውን ሚዲየም ስዊት፣ ማለትም መካከለኛ ጣፋጭ ወይን፣ ብቻ ነው የቀመስከው፣ እሱንም በኮካ ሳይሆን አይቀርም። ስኳርነት እኮ የእርሾው ጉዳይ ነው፣ እርሾው የፍሬውን ስኳር በልቶ ሲጨርስ ደረቅ ይሆናል፣ ስኳር ሲተርፍ ጣፋጭ ይሆናል፣ ጣፋጭ የሚያደርጉት ሰው ስለሚገዛው ነው። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለውን የአዋሽ ወይን ፋብሪካ ጉደርና አክሱማይት ጎን ለጎን ቅመሳቸውና ንገረኝ፣ አንድ ቤት የወጡ አይመስሉም። የዝዋዩ ካስቴል ወይን ፋብሪካ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ሲወጣ በሪፍት ቫሊ ስም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉትን የወይን ዘሮች ለየብቻ እያደረገ ነው፣ ይሄ ለማወዳደር ካልሆነ ለምን ይለያየዋል? (እዛ ማሳው ዙሪያ ጉማሬ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሮለታል፣ የጣና ዳር ገበሬ ይሄን ሲሰማ ይገባዋል።) እኔ በግሌ ከአራቱ ሲራውን ነው የምወደው፣ አስተማሪዋ አትስማማም፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ከምግባችን ጋር አይሄድም ያልከው ግን ግማሽ ልክ ነህ፣ ይሄን ሳልክድ ልናገር፣ ምክንያቱም እኛም በሞኝነት ነው የተማርነው። ባህርዳር ላይ ሆነህ ወይን ስትከፍት ከፊትህ ያለው አሳ ነው፣ ቆሮሶ ጥብስ፣ ሎሚ፣ ዳጣ። ኢንጂነሩ ደረቅ ቀይ ይዞ መጣ፣ አሳው ትኩስ ነው፣ ሁላችንም ተርበናል። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ፉት። ነርሷ ፊቷን አጨማደደች፣ «ሳንቲም የላስኩ መሰለኝ» አለች። እኔም ያው ነበር፣ ብረት ብረት የሚል ነገር ምላሴ ጎን ላይ ተለጠፈ። በኋላ አነበብኩ፣ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ወይንን ከባህር ምግብ ጋር እያስቀመሱ ፈትሸው ያ የአሳ ክርፋት የሚመጣው ወይኑ ውስጥ ካለው ብረት እንደሆነ አግኝተዋል፣ ብረቱ ሲበዛ ክርፋቱ ይበዛል። እና አንተ «አይሄድም» ብለህ ዘጋኸው፣ እኛ ደሞ በሚቀጥለው ወር ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ይዘን መጣን፣ ያው አሳ፣ ያው ሎሚ። ሳንቲሙ የለም። በርበሬ ለበዛበት አሳ ጎላሽ ደሞ አልኮሉ በርበሬውን ያቀጣጥለዋል፣ እዛ ጋ ነው ያ የናቅከው ጣፋጩ ወይን ስራ የሚሰራው፣ ቅዝቅዝ ብሎ ሲመጣ ምላስን ያረጋጋል። ዳጣው ላይ ግን እስከዛሬ አልተስማማንም፣ ጋሼ «ለዳጣ ወይን የለውም፣ ውሃ ጠጡ» ብለዋል፣ እኔም ወደሳቸው እያዘነበልኩ ነው።

ቅንጦት ነው ያልከውን በሂሳብ ልለፈው፣ ሦስት ጠርሙስ ለስድስት ሰው ነው፣ ጠርሙሱ 750 ሚሊ ነው፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ጠርሙስ፣ ሙሉ ከሰዓት። ቢራ ቤት ከተቀመጥን ስንት ዙር እንደምንጋበዝ አንተም ታውቃለህ።

መትፋቱ ቀረ። «የሚተፋ ሰው ለምን ይገዛል፣ የእህል ውሃ ይተፋል ወይ» ብለሃል፣ ይሄን ጋሼም መጀመሪያ ብለውታል፣ በዚሁ ቃል። አምስታችን አንተፋም፣ እውነቱን ለመናገር ሆዳችን እሺ አይልም። የምትተፋው ነርሷ ናት፣ ቅዳሜ ማታ ብዙ ጊዜ ተረኛ ናት፣ ከኛ ተነስታ በባጃጅ ሆስፒታል ነው የምትሄደው፣ ስለዚ የላስቲክ ኩባያ ይዛ ትመጣለች፣ ጀርባዋን ዞር አድርጋ እንትፍ ትላለች። ባለፈው ወር የሦስተኛውን ጠርሙስ ወረቀቶች አስተማሪዋ ሰብስባ ደብተሩ ላይ ስትገለብጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። የባንከሩ «አሪፍ» ይላል። የኢንጂነሩ «በጣም አሪፍ»። የኔ «ከሁለተኛው ይሻላል መሰለኝ»፣ ሁለተኛው የቱ እንደነበር ግን አላስታውስም። የጋሼ ወረቀት ላይ ማንጎ ተስሏል። የነርሷ፦ «ዶቅማ፣ መጨረሻ ላይ የቡና ገለባ፣ ይይዛል ግን ቶሎ ይለቃል፣ ከመጀመሪያው ቀዝቅዞ ስለተቀዳ ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ሞቆ እንደገና ይቀመስ።» እንደገና ልንቀምሰው ጠርሙሱን አነሳን። ባዶ ነበር።